ደወል ይዤ ቂሊንጦ ደርሼ ስመለስ

ከተመለስኩ ወዲህ በምግብ ቤቱም በእንሰቱ ጓሮም እየያዛችሁ ስለ አዲሱ ቤት ስትጠይቁኝ ከረማችሁ። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ ስደግም አንዳንዱን እየዘለልኩ፣ አንዳንዱን እየጨመርኩ መሆኔን ሳውቅ፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል አልኩ። አብዛኞቻችሁ ጉልበታችሁ ስለማይፈቅድ እዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ አስቀምጣለሁ፤ ማማር ያለበት ነገር ካለ ራሳችሁ አሳምሩት።

ምናልባት ከእኛ ውጭ የሆነ ሰው ቢያነበው እንዳይቸገር ልማዳችንን ላስቀድም። እኛ ከወልቂጤ አለፍ ብሎ በእንሰት መሐል የምንኖር የካቶሊክ ደናግል ነን። አዲስ ቤት ስንከፍት ከእናት ቤት ደወል ይላካል። ደወሉን የምትወስደው እህት ጥቂት ቀን እዚያ ተቀምጣ፣ ኑሮውን አይታ ትመለስና ለእናት አለቃችን “ቤት ነው” ወይም “ቤት አይደለም” ትላለች። የጳጳሱ ፈቃድ ቢኖርም ይህ ቃል ሳይሰማ ቅዱስ ቁርባን በቤቱ አይቀመጥም። ደወሉ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ቤቱ አልቆመም ማለት ነው፤ እህቶቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ደወሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሄድኩትም ሲስተር ጽጌ ከሁለት ታናናሽ እህቶች ጋር ቂሊንጦ ውስጥ፣ በፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች መሐል ወደ ጀመረችው ቤት ነው። ጽጌ ይህን ቤት ለዓመታት ስትለምን ኖራለች። ከአገራችን የሚወጡት ሴት ልጆች ወደዚያ እየሄዱ እኛ እዚህ ማንን እንደምንጠብቅ ስትጠይቅ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን ወድጄው አላውቅም፤ ይህንንም ታውቃላችሁ።

ረቡዕ

ከወልቂጤ የተነሳሁት በሚኒባስ ነው። ደወሉን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ምላሱን በጨርቅ አስሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ወሊሶ ሳንደርስ ጨርቁ ላላና መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ደወሉ ይጮህ ጀመር። ረዳቱ ዘወር ብሎ ትምህርት ቤት ልከፍት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ደግሞ በጮኸ ቁጥር “እረፍት ወጥተናል” እያለ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን መንገዱን አሳጠረልኝ።

ምሳ ወሊሶ ላይ ነበር። ቀኑ የጾም ስለሆነ ሽሮ አዘዝኩና ቆጮ እንዲያመጡልኝ ለመንኩ። አስተናጋጇ ቆጮ ያለው ለክትፎ ብቻ ነው አለችኝ። እዚህ እኛ ጋ ቆጮ ለማን ተከልክሎ ያውቃል? ሽሮው ግን ጥሩ ነበር፤ ውሸት አልጽፍም።

ከሰበታ በኋላ አገሩ ሁሉ ግንብ ነው። የእኛ ጀፎሮ ከብትም ሠርግም ለቅሶም የሚያስተናግድ የሣር መንገድ ነው፤ የከተማው ቀለበት መንገድ ከዚያ እጅግ ይሰፋል፣ ነገር ግን ሰው እንዲቆምበት አልተሠራም። ቃሊቲ ወርጄ ለቂሊንጦ ታክሲ ተሰለፍኩ። ግማሹ ሰልፈኛ ምሳ ዕቃና ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ለታሰረ ዘመድ ስንቅ የሚያደርስ ነው። አንዲት ሴት ጥቅሌን አይታ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ፣ ስወርድም “እግዜር ያስፈታልዎ እማሆይ” አለችኝ። ማስረዳቱ ስለረዘመብኝ አሜን ብዬ ወረድኩ።

ጽጌ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ጥቁር አፈር ነው፤ የእኛ ቀይ አፈር ልብስ ያቆሽሻል፣ የእነሱ ግን ጫማ ያወልቃል። አንዱን ጫማዬን ሁለት ጊዜ ተመልሼ አነሳሁት።

ቤቱ የእማማ ወርቄ ነው። እማማ ወርቄ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ፋብሪካው የቆመበት መሬት የእሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን ግቢያቸውን ያከራያሉ። ከፊት ያለውን ቤት እህቶቻችን ይዘዋል። ከኋላው ተያይዘው የተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ልጆች በደባልነት ይኖራሉ። የጸሎት ክፍላችንን ከልጆቹ ክፍል የሚለየው ቀለም የተቀባ ቺፑድ ነው፤ ማዶ የሚያስነጥሰውን ሰው እዚህ ሆኖ “ይማርሽ” ማለት ይቻላል።

ሐሙስ

ጠዋት እማማ ወርቄ ጭኮ ይዘው መጡ። ጭኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ የእኛን አይብ አያክልም፣ ሆኖም እስከ ማታ አያስርብም። አጠገቤ ተቀምጠው መረመሩኝ። ካቶሊክ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ወይ? ቄሱ ሚስት አለው ወይ? ልጅ ሳልወልድ ማን ሊጦረኝ ነው? ለሁሉም መለስኩ። የመጨረሻውን መልስ አልወደዱትም፤ ተጨማሪ ጭኮ አቀረቡልኝ።

የመጀመሪያው ደወል የሚደወለው ቀትር ላይ ነው። ታናናሾቹ እህቶች ደወሉን በሽቦ ከጣሪያው ብረት ላይ አስረውት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ገመዱን ይዤ እንደ ልማዳችን ሦስት ሦስት ጊዜ መታሁት። እዚህ ስንደውል ድምፁ በእንሰቱ መሐል ይለሰልሳል፤ በጓሮ ያለ ሰው ቀና ብሎ ወገቡን ያሳርፋል። እዚያ ግን ቆርቆሮው ድምፁን ተቀብሎ በእጥፍ መለሰው።

ወዲያው የሰርቪሱ በር ተበርግዶ አንዲት ልጅ ወጣች። የፋብሪካ ጋውኗን አገላብጣ ለብሳለች፣ ባጇ አንገቷ ላይ ነው፣ አንዱን ጫማ አድርጋ አንዱን በእጇ ይዛለች። ለማንም ሳትናገር በአጠገባችን እየሮጠች በበሩ ወጣች። እኔ ለጸሎት የቸኮለች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጽጌ ግን ገባትና ተከትላት ሮጠች።

ልጅቷ ወይንሸት ትባላለች፤ ከአርሲ በኩል የመጣች ናት። ሌሊቱን ሙሉ በማታ ፈረቃ ስትሰፋ አድራ ጠዋት ነበር የተኛችው። በእንቅልፏ ደወሉን የፋብሪካው የመግቢያ ደወል አድርጋ ሰማችው፤ ያረፈደች መስሏት ሰርቪስ አውቶቡሱ የሚያልፍበት አስፋልት ድረስ ሮጠች። ጽጌ ስትደርስባት ፀሐይ ላይ ቆማ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር። አካባቢው ላይ ያሉ ሰዎች ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ተመልሳ ተኛች፣ ግን እንቅልፉ እንቢ እንዳላት በቺፑዱ በኩል ስትገላበጥ ይሰማን ነበር። ማታ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ሥራ ወጣች።

ዓርብ

ጠዋት ከሥራ የተመለሰችው እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው። ማሽኑ ላይ አንቀላፍታ መርፌው በአመልካች ጣቷ ጥፍር ገብቶ በሌላው በኩል ወጥቷል። የፋብሪካው ነርስ አክማ፣ እስኪሻላት እንድታርፍ ነግራት ላከቻት። ወይንሸት ለእኛ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሷ እንቅልፋም ስለሆነች እንጂ ደወሉ ጥፋት እንደሌለበት ነገረችንና ገባች።  

እማማ ወርቄ ከቡና በፊት መጡ። አልተቀመጡም።

“እኔ ልጆች አልወለድኩም እንዳይመስላችሁ፤ ወልጃለሁ። እነዚህም ልጆቼ ናቸው። ቀን ካልተኙ ሌሊት ማሽን ይበላቸዋል። ወይ ደወላችሁን አውርዱ፣ ወይ ቤቴን ልቀቁ። ከእሑድ አላሳልፋችሁም።”

ሌላ ቤት ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጽጌ ይህን ለማግኘት ከሳሪስ አቦ ጀምራ በር ስታንኳኳ ነው የመጣችው። ጸሎት ቤት የሚሆን ክፍል እንደምንፈልግ ስንነግራቸው የአብዛኞቹ አከራዮች ፊት ይለወጣል።

ጽጌ ተነሳች። ዱካ አመጣች፣ ወጣችበት፣ ሽቦውን ፈታች፣ ደወሉን አቅፋ አውርዳ አልጋዬ ሥር አስቀመጠችው። እማማ ወርቄ ይህን አይተው ሄዱ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ደወሉ ለጊዜው ይቀመጥ፣ ሌላው እንደ ደንባችን ይቀጥል የሚል ነበር ሐሳቤ። እራት ላይ ግን ጽጌ ሌላ ነገር አመጣች። ከጸሎተ ንዋም፣ ማለት ከመኝታ ጸሎት፣ እስከ ንጋት የምንጠብቀውን ታላቁን ጸጥታ ወደ ቀን ልታዛውረው ፈለገች። ልጆቹ ከሚተኙበት ጠዋት እስከሚነሱበት ከሰዓት በኋላ ድረስ ቤቱ ዝም ይበል፤ የቀትር ጸሎት በከንፈር ብቻ ይሁን፤ መዝሙሩም ጨዋታውም ሥራውም ልጆቹ ሲነቁ ይጀመር አለች።

ተቆጣሁ። ከእኛ በፊት የነበሩት እናቶች የሠሩትን ደንብ የፋብሪካ ፈረቃ እንደማይለውጠው ነገርኳት። የማይዘምር፣ የማይደውል ቤት ምን ዓይነት ገዳም ነው አልኳት።

“ሲስተር ማርታ፣” አለችኝ፣ “እርስዎ ነዎት ጀማሪ ሳለሁ ጸጥታ ያስተማሩኝ። እዚህ ያሉት ልጆች የሚነቁት እኛ ዝም ስንል ነው፤ የሚተኙት እኛ ስንዘምር ነው። ደንቡን እንዳለ ከያዝነው ከእነሱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ሳንገናኝ እንሞታለን። ቤት አይደለም የሚሉ ከሆነ ይበሉ፤ ግን አይተው ይበሉ።”

 ደክሞኝ ነበር፤ ሳህኔን አንስቼ ልተኛ ገባሁ።

ቅዳሜ

የመሠዊያውን ጠረጴዛ ለማምጣት ከታናናሾቹ አንዷ ከሆነችው ከሉቺያ ጋር አቃቂ በሰቃ ሄድን። እዚያ የብረትም የእንጨትም ሠራተኞች በተርታ ይሠራሉ፤ ደጃቸው ላይ ቁም ሣጥኑም የሬሳ ሣጥኑም አጠገብ ለአጠገብ ይደረደራል። በእኛ አገር አናጢ ዕቃ የሚሠራው ለሚያውቀው ሰው ነው። እዚያ ጠረጴዛውን ቀድመው ያዘዙት አናጢ እህቶቻችንን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሉቺያ የነገረችውም ቆመው የሚሠሩበት ከፍ ያለ ጠረጴዛ እንደምንፈልግ ነው።

ሰውየውም ቆንጆ የቡና ቤት ባንኮኒ ሠርቶ ጠበቀን። ከፍታው ደረቴ ይደርሳል፤ ከሥሩ እግር ማሳረፊያ ብረት አለው፣ በኋላው በኩል ለጠርሙስ መደርደሪያ ወጥቶለታል። ሉቺያ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ጠረጴዛው ለመሠዊያ መሆኑን ስነግረው አናጢው አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ መደርደሪያውን ነቅሎ ብረቱን አወለቀልን። እግሮቹን ለማሳጠር ግን የመጋዙ መብራት ጠፍቶ ነበር። እስኪመጣ ብንቀመጥ ሊመሽብን ሆነ። የእጅ መጋዝ አውሶን፣ ሰኞ እንድንመልስለት ተስማማንና በፈረስ ጋሪ ጭነን ተመለስን።

ግቢው ስንደርስ ልጆቹ እንደተኙ ነው። ሉቺያ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አጋድማ መጋዙን ስታነሳ ጽጌ እጇን ያዘቻት።  ከሌላዋ ታናሽ እህት ጋር ሦስቱም ባንኮኒውን አንስተው ከግቢ ወጡ። እኔ መጋዙን ይዤ ተከተልኳቸው። መንገዱን ተሻግረን፣ የተጀመሩትን ሕንፃዎች አልፈን፣ ከብት የሚግጥበት ክፍት ሜዳ ላይ አስቀመጥነው። ጽጌና ሉቺያ በየተራ ገዘገዙ፤ እኔ እንዳይነቃነቅ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ከብት ጠባቂ ሰውዬ መጥቶ፣ ምን እንደምንከፍት ጠይቆ፣ አንዱን እግር ገዘገዘልን። አራቱ እግሮች እኩል አልሆኑም። እስከ ዛሬ ከአንደኛው ሥር የታጠፈ ካርቶን አለ።

ስንመለስ እማማ ወርቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስንወጣ አይተውን ኖሯል። ያን ያህል መንገድ ተሸክመን ለምን እንደሄድን ጠየቁ። ጽጌ ልጆቹ ተኝተው ስለሆነ ነው አለቻቸው። እማማ ወርቄ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ ያዙና እስከ ውስጥ አብረው አስገቡት። ቤት ስለ መልቀቅ ያሉትን ከዚያ በኋላ አላነሱትም፤ ማታ ድንች ወጥ ላኩልን።

እሑድ

ቅዳሴ ወዳለበት ቁምስና ቤተ ክርስቲያን በሁለት ታክሲ ሄድን። እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይተዋወቅም፤ ሰላም ስንባባል አጠገቤ የነበረችው ሴት የማታውቀኝ ሆና ሳለ እጄን ረጅም ጊዜ ያዘችው። ስንመለስ እማማ ወርቄ ከበሩ ላይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሉን። ወይንሸት ጣቷ እየጠዘጠዛት ዓርብም ቅዳሜም እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም ነበር፤ አሁን ገና ሸለብ አድርጓታል።

ጫማችንን በረንዳው ላይ አውልቀን በካልሲ ገባን። ቀትር ሲሆን አራታችን ባጠረው መሠዊያ ፊት ቆምን። ጽጌ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠች፣ መዝሙሩን በከንፈር ጀመርን። ድምፅ ሳላወጣ ዳዊት ስደግም የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ስታመም አድርጌዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ግን አላውቅም። አራት ሰው አንድ ላይ ዝም ብሎ ሲጸልይ አንዷ ቶሎ ብላ እንዳትቀድም የሌላዋን ትንፋሽ ማዳመጥ አለባት። እዚህ ስንዘምር የእናንተን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም።

በመሐሉ ከቺፑዱ ማዶ ወይንሸት ማንኮራፋት ጀመረች። ትንሽ ልጅ ናት፣ ማንኮራፋቷ ግን የጋሪ ነጂ ነው። ሉቺያ ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ጽጌን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔም ደስ አለኝ።  ጸሎቱ ካለቀ በኋላም ማናችንም ሳንነሳ ያንን ማንኮራፋት እየሰማን ቆየን።

ሰኞ

ጠዋት ደወሉን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በጋቢው ጠቀለልኩት። ምክንያቴ ቀላል ነበር። የማይደወል ደወል እዚያ ቢቀመጥ አንድ ቀን ለበዓል ብላ አንዷ ትነካዋለች ብዬ ፈራሁ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ስጠቀልል አየችኝ።  የደወል መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ቃሉ ግን ከእናት አለቃ በፊት ለማንም አይነገርም፤ ስለዚህ አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ጥቅሉን ተቀብላኝ በዚያ ጭቃ እስከ አስፋልት ድረስ ተሸከመችልኝ። እማማ ወርቄ ለመንገዴ ጭኮ አስይዘውኛል።

ከሰዓት በኋላ እዚህ በር ስደርስ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጥቅሉን አይታችሁ አንዳንዶቻችሁ ማልቀስ ጀመራችሁ። እናታችን ደግሞ ወደ ቢሯቸው አስገቡኝ። እዚያ ውስጥ የሆነውን ግን አታውቁም።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የወይንሸትን ሩጫ፣ መርፌውን፣ ባንኮኒውን፣ ማንኮራፋቷን። እህቶቻችን በቀን እንደማይዘምሩ፣ ደወልም እንደማይኖራቸው ነገርኳቸው። ከዚያ “ቤት ነው” አልኩ። እናታችን ደወሉን ከጋቢው ገልጠው አዩት። ደንቡን ስለ መለወጥ ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

“ልጅቷ ጣቷ ተሻላት?” አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ስወጣ ሳልጠይቅ ነው የመጣሁት። እናታችን ስልኩን አንስተው ራሳቸው ደወሉ፤ እንደምታውቁት ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልክ ላይ እየጮሁ ነው የሚናገሩት። ጽጌ አነሳች። እዚያ ገና ልጆቹ የሚተኙበት ሰዓት ስለነበር በሹክሹክታ መለሰች፤ እስኪሰማቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችላቸው። ወይንሸት ደህና እንደሆነች፣ እንደተኛች ነገረቻቸው። ከዚያ ፍርዷን ጠበቀች።

እናታችን ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ጎንበስ አሉ፣ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ አጠገባቸው ሆኜ እንኳ በጭንቅ ነው የሰማሁት።

“ቤት ነው፣ ልጄ” አሏት፤ “ቀስ ብለሽ ለእህቶችሽ ንገሪያቸው።”